ዘፈኑ ማን ቤት ያድራል?

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ተበላን ያገኛል። እዚያ ሻይ ልጠጣ ብሎ የወረደ ሰው ሙዚቃ ሳይሰማ አይሳፈርም። ባጃጁ ይዘፍናል፤ ሻይ ቤቱ ይዘፍናል፤ ከሁሉም በላይ ግን የሞባይል ጥገና ሱቁ በረንዳው ላይ ባወጣው ስፒከር ሰፈሩን ይዞታል። እንዲህ ባለ ሱቅ ውስጥ ስልክ ከመጠገን የማይተናነስ ሌላ ሥራ አለ፤ ሚሞሪ መጫን። የባጃጁ ሹፌር ፍላሹን ያቀብልና «አዲስ የወጣ የወላይታ ሙላልኝ» ይላል። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ፎልደሮች አንዱን ይገለብጥለታል። ሹፌሩ ጥቂት ብር ከፍሎ ይሄዳል። ፎልደሩ ውስጥ ካሉት ፋይሎች ብዙዎቹ የዘፋኝ ስም የላቸውም። «ወላይታ አዲስ 3»፣ «የሠርግ 11»፣ «ጊፋታ ምርጥ» ተብለው ነው የተቀመጡት።

በዚህች አጭር ግብይት ዘፈኑ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ሱቁ ብር አገኘ፤ ባጃጁ ተሳፋሪ ሳበ፤ ሻይ ቤቱ ደንበኛ አቆየ። ከግብይቱ የጎደለው አንድ ሰው ነው፤ የዘፈነው።

ስለ ሙዚቃ ገቢ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ጣታችንን የምንቀስረው ሚሞሪ በሚጭነው ልጅ ላይ ነው። ሕጉም ቢሆን ከእሱ ጋር አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው በእስራት ይቀጣል። ነገር ግን ይህ ልጅ እስር ቤት ቢገባ ዘፋኙ ቤት ብር አይገባም። እንዲያውም የሁምቦን ቀበሌዎች ቤት ለቤት የሚያዳርስ ሌላ አከፋፋይ የለም። እኔ እንደማምነው ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው ተበላ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ዘፈኑ በተቀረጸበት ስቱዲዮ ውስጥ፣ «ይህ ዘፈን የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ በቀረበት ሰዓት ነው። ባለቤቱ በግልጽ ያልታወቀ ዘፈን በሚሞሪም ተሸጠ፣ በዩቲዩብም ተጫነ፣ በሬዲዮም ተላለፈ፣ ገንዘቡ ተመልሶ የሚገባበት ደጃፍ የለውም።

ነገሩን በአንድ ሰው ሕይወት እንየው። ተበላ የተወለደች፣ ሶዶ የምትኖር፣ በወላይትኛ የምታዜም አንዲት ወጣት እናስብ። ድምጿ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ የላትም፤ ከኋላዋ የሚቆም ሙዚቃ ቤትም ሆነ አሳታሚ የለም። ገበያዋ ምን ያህል ነው? በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወላይታ ብሔር ተወላጅ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል። ይህ ሕዝብ በዞኑ ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም። መሬቱ ጠባብ፣ ነዋሪው ብዙ ስለሆነ ወላይታ ከድሮ ጀምሮ ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ እርሻ ልማቶች ሲልክ ኖሯል። አዲስ አበባ ላይ ቀን ሙሉ ሠርቶ ማታ ጆሮው ላይ ኤርፎን የሚሰካው ልጅ የዚህች ዘፋኝ ታማኝ አድማጭ ነው። የሀገሩን ቋንቋ ከናፈቀ ሰው የበለጠ ዘፈን ደጋግሞ የሚሰማ የለም።

ከዚህ ባሻገር ቃሉን ሳይረዳ የሚጨፍር ሌላ ሕዝብ አለ። የወላይታ ምት ከዞኑ ከወጣ ቆይቷል። አዲስ አበባ ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው «ወላይታ አምጣ» ሲባል ጣቱ የሚያርፍበትን ያውቃል፤ በአማርኛ የሚዘፍኑ ድምፃውያንም በአልበማቸው ውስጥ አንድ የወላይታ ማካተት ልማድ አድርገውታል። ይህ ለባህሉ ክብር ነው፤ ለሶዶዋ ዘፋኝ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ምትና የሕዝብ ዜማ የማንም የግል ንብረት አይደሉም፤ ስለዚህ ማንም ሊዘፍናቸው ይችላል፤ ገንዘቡም የተሻለ ስቱዲዮ፣ የተሻለ ክሊፕና የተሻለ ትውውቅ ወዳለው ይፈስሳል። በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሰሞን የሚጨፈረው የሀያያ ሌኬ ጭፈራ የሁሉም ነው። የእሷ የሚሆነው እሷ የፈጠረችው ዜማ፣ እሷ የጻፈችው ግጥም፣ እሷ የዘፈነችበት ቅጂ ነው። ይህን ልዩነት ገና ከመነሻው ማወቅ አለባት።

እንጀራዋ ዛሬ ከየት ይመጣል ከተባለ ከሠርግ ነው። ስለ ኢንተርኔት ብዙ ቢወራም በክልል ከተማ የሚኖር ዘፋኝ ቤት ኪራይ የሚከፍለው በሠርግ፣ በምርቃት፣ በሆቴል ምሽትና በበዓል መድረክ ነው። እዚህ ገበያ ላይ ደግሞ በተለይ ወላይታ ውስጥ ከሌላው ቦታ የተለየ እውነት አለ። ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም ሶዶ ከገቡ ወዲህ የወንጌላውያን እምነት በሕዝቡ ውስጥ ሥር ሰድዷል፤ በ1999ኙ ቆጠራ ከዞኑ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሮቴስታንት ነበር። ስለዚህ ከሁለት ሠርግ አንዱ ዘፈን የሌለበት፣ በመዝሙር የሚደምቅ ነው። በወላይትኛ የሚዘምር ሰው የራሱ ሰፊ መንገድ አለው፤ ኮንፈረንስ፣ የመዘምራን ቡድን፣ ከምዕመናን የሚሰጥ ስጦታ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚሸጥ አልበም። ዘፋኟ ደግሞ በቀረው ግማሽ ውስጥ ነው የምትወዳደረው። ሁለቱን ልያዝ የሚል ሰው አለ፤ አድማጩ ግን ይህን በቀላሉ አያልፍም። ምርጫው የሕሊና ነው፤ ግን የገበያ ምርጫም መሆኑን መሸሸግ አያስፈልግም።

የሠርግን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ስልክ ይደውላል። «እህታችን፣ የጥር 20ውን ሠርጋችንን አድምቂልን» ይላል። ዋጋ ይነጋገራሉ። ልምድ ያላት ዘፋኝ በዚህ ስልክ ላይ አራት ነገር ሳትጠይቅ አትዘጋም፤ ቀብዱ ስንት ነው? ሳውንድ ሲስተሙን የሚያመጣው ማን ነው? የኪቦርዲስቱ ክፍያ ከእኔ ዋጋ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? ሽልማቱስ? ቀብድ ያልተቀበለችበት ቀን የተያዘ ቀን አይደለም። ሳውንዱን «እኛ እናመጣለን» ያለ ደጋሽ የመንደር ስፒከር ይዞ ከመጣ ደግሞ የተበላሸው ድምፅ በደጋሹ አይመካኝም፤ «ዘፋኟ አትችልም» ነው የሚባለው። ያን ዕለት ሠርጉ ላይ ካሉት እንግዶች መካከል የሚቀጥለውን ሠርግ የሚደግሰው ሰው አለ።

ሽልማት የተባለውን ነገር ከዚህ በላይ ልቆይበት፤ የገቢውን ግማሽ የሚያህልበት ምሽት አለና። አክስት ትነሳለች፤ ዘመድ ይከተላታል፤ ብሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል፤ ይወድቃል፤ አንድ ልጅ እየለቀመ ወደ ኪቦርዱ ጎን ያስቀምጣል። ይህ ብር የማን ነው? ዘፋኟ ለእኔ ተሰጠ ትላለች፤ ኪቦርዲስቱ ምቱን ያሞቅኩት እኔ ነኝ ይላል፤ የቡድኑ መሪ ደግሞ ወጪውን ያስባል። ጥሩ ጥሩ የሠርግ ባንዶች የፈረሱት በዋናው ክፍያ ሳይሆን በሽልማት ክፍፍል ነው። ከመድረክ በፊት «ከሽልማቱ ይህን ያህሉ የዘፋኙ፣ ይህን ያህሉ የቡድኑ» ብሎ መነጋገር ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ነውሩ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ደክሞት፣ በሰው ግቢ በር ላይ መጨቃጨቅ ነው።

እንግዲህ ሠርጉ እንጀራ ከሆነ ቀረጻው ለምን ያስፈልጋል? መጀመሪያ ጥቅሙ ማስታወቂያ ነው። ደጋሹ ስልክ የሚደውለው ሚሞሪ ውስጥ የሰማትን ድምፅ ፈልጎ ነው። ስለዚህ ገና ስሟ ላልታወቀ ዘፋኝ ተበላ ላይ የሚገለበጠው ፋይል ጠላት አይደለም፤ ስሟና ስልክ ቁጥሯ ከሌለበት ግን ባከነ። ዘፈኑ ሲያልቅ በራሷ ድምፅ ስሟን መናገር፣ የፋይሉን ስም በሚገባ ጽፎ፣ ፎቶዋን አያይዞ ለሱቆቹ ራሷ መስጠት ትችላለች። ልጁ ከሌላ ስልክ የተቆራረጠ ቅጂ ከሚፈልግ ንጹሑን ከእጇ ቢያገኝ ይመርጣል። ይህ ወጪ የሌለው ሥራ ነው፤ የሚሠራው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ ቀረጻ ንብረት ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ፣ ወደ አምሃ እሸቴ ዘመን እንሂድ። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ ግን የውጭ ሸክላ ብቻ እየሸጡ መኖር አልዋጥ አለው። ገበያው የሚጮኸው የክብር ዘበኛንና የፖሊስ ኦርኬስትራን ድምፃውያን ነው፤ ሸክላቸው ግን የለም። በ1969 እ.ኤ.አ. ክልከላውን ጥሶ ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ቀረጸ፤ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳተመ፤ አምጥቶም ሸጠ። ሊታሰር እንደሚችል ያውቅ ነበር። አልታሰረም። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና በርካታ አልበሞች አወጣ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» ብሎ ከሚያዳምጠው ሙዚቃ ትልቁ ክፍል የዚህ አንድ ሰው ድፍረት ነው። መንግሥት፣ ባንክ ወይም የውጭ ኩባንያ አልደገፈውም። ኢንዲፔንደንት የሚለው ቃል በአገራችን ትርጉም ካለው አባቱ አምሃ ነው።

አምሃ በደርግ ዘመን ወደ አሜሪካ ሄደ። ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤቲዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አልበም በ1997 እ.ኤ.አ. ማውጣት ሲጀምር ለብዙዎቹ ቅጂዎች ፈቃድ የሚጠየቅ የታወቀ ባለቤት ነበር። ባለቤቱ የታወቀ ሥራ ሥርዓት ቢቀየር፣ ሰው ቢሰደድ፣ ሸክላ በካሴት፣ ካሴት በሲዲ ቢተካ አይጠፋም። ልብ ማለት የሚገባን ሌላም ነገር አለ፤ ባለቤቱ አሳታሚው ነበር፤ ዘፋኙ አልነበረም። በዚያ ዘመን ሸክላ ለማሳተም የሚያስፈልገውን ገንዘብ ዘፋኝ አያገኝም ነበርና ሌላ መንገድ አልነበረውም። ዛሬ አለው፤ የሶዶዋ ዘፋኝ ከዓለማየሁ ዘመን ዘፋኝ የምትሻልበት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ዘፋኝ የራሱ ሥራ ባለቤት ሲሆን ምን እንደሚጠቀም የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ ዋሽንግተን ቀርቶ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮንና ኪቦርድ ለብቻው ተጫውቶ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ሙዚቃው ቀዘቀዘ፤ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ያ ካሴት ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ላይ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ። ሰውየው ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባል አነስተኛ አሳታሚ ነበረው። አፈላልጎ ደወለለት፤ ፈቃዱን የሰጠው ራሱ ኃይሉ ነው፤ ትርፉን እኩል ለመካፈል ተስማሙ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ካሴቱ እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ስልኩ ሲጮህ «እሺ» ለማለት ሌላ ሰው ማስፈቀድ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ሶዶ ስቱዲዮ እንመለስ። አዋጁ አንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት ዓይነት ባለመብት ያያል። ግጥሙንና ዜማውን የደረሱት የቅጂ መብት አላቸው፤ ይህም በሕይወት ዘመናቸውና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። የዘፈነችው ከዋኝ ነች፤ የራሷ ተዛማጅ መብት አላት። ቀረጻውን ያዘጋጀው፣ ማለትም ገንዘቡንና ኃላፊነቱን ወስዶ ያሠራው፣ የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰር ነው፤ የእሱም መብት 50 ዓመት ይቆያል። መብቱን ለማግኘት ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ሥራው ወጥ ሆኖ ግዙፍነት እስካገኘ ድረስ፣ ለምሳሌ እስከተቀረጸ ድረስ፣ ጥበቃው ይጀምራል። በአእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ማስመዝገብ ግን ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ስለሚሆን አይናቅም።

ችግሩ በሕጉና በልማዳችን መካከል ነው። በልማዳችን ዘፋኝ ዜማና ግጥም በአንድ ጊዜ ክፍያ «ይገዛል»፤ አቀናባሪውም በአንድ ጊዜ ክፍያ ያቀናብራል፤ ሁሉም በቃል ነው። ገንዘብ ካነሰ አቀናባሪው «ግማሹን ክፈይ፣ ሌላው ዘፈኑ ሲሠራ ይታያል» ይላል። ዘፈኑ ካልሠራ ማንም አያነሳውም። ከሠራ ግን ሦስት ሰው ባለቤት ነኝ ይላል፤ የመጨረሻው ፋይል ያለው ደግሞ አቀናባሪው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ዘፋኟ እጅ ላይ ያለው ለስልክ ተብሎ የተጨመቀ ኤምፒ3 ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ተሰረቀ ወይም ተበላሸ እንበል፤ ዘፈኑ ከዚያ ኤምፒ3 በቀር የለም ማለት ነው። ስለዚህ ከስቱዲዮ ስትወጣ ሦስት ነገር ይዛ መውጣት አለባት፤ ያልተጨመቀውን ማስተር፣ ድምፅ የሌለበትን ማጀቢያ፣ ቢቻል ደግሞ ለየብቻ የወጡትን ትራኮች። ማጀቢያው ለሠርግ ይሆናታል፤ ትራኮቹ ነገ ሌላ ሰው እንደገና እንዲያቀናብረው ያስችላሉ።

ከዚያ የዩቲዩብ ቻናሉ ባለቤት ይመጣል። ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል «ክሊፕሽን እኔ ልልቀቀው» ሲል ለአዲስ ዘፋኝ ትልቅ ዕድል ይመስላል፤ ነውም። እንደ ናሆም ሪከርድስና ሆፕ ሚውዚክ ያሉት ቻናሎች ለብዙ ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ በር ከፍተዋል። የሚያስጨንቀው በሩ ሳይሆን ውሉ ነው። «ለመልቀቅ» የሚል ውልና «ለዘላለም በሁሉም መንገድ የመጠቀም መብት» የሚል ውል ሰማይና ምድር ናቸው። የመጀመሪያው ወተቱን መሸጥ ነው፤ ሁለተኛው ላሚቱን። በተለይ ኮንቴንት አይዲ የሚባለውን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። ቻናሉ ዘፈኑን በዚህ መዝገብ በስሙ ካስገባ ዩቲዩብ ላይ ያ ድምፅ በተሰማበት ቦታ ሁሉ የማስታወቂያው ገቢ ወደ እሱ እንዲሄድ ማድረግ ይችላል፤ ዘፋኟ በራሷ ገጽ ላይ ብትጭነው እንኳ። ከዚያ «የራሴን ዘፈን ከለከሉኝ» የሚል ለቅሶ ይመጣል። መዝገቡ ግን በስም ነው የሚሠራው፤ ስሙ የእሷ አይደለም።

የማስታወቂያ ገቢው ራሱ በተመልካቹ አገር ይወሰናል። አሜሪካና አውሮፓ የሚታይ ክሊፕ ከተበላ ከሚታየው ብዙ እጥፍ ያስገኛል። በወላይትኛ የሚዘፍን ሰው ተመልካቹ በብዛት አገር ውስጥ ስለሆነ የዕይታው ቁጥር ትልቅ፣ ክፍያው ትንሽ ቢሆን ሊገርመው አይገባም። እንደ ስፖቲፋይ ያሉት ዓለም አቀፍ መድረኮችም ለእንደዚህ ዓይነት ዘፋኝ ዋና ገቢ አይሆኑም። በተለምዶ በሚነገረው ስሌት አንድ ጊዜ መደመጥ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ግማሽ በታች ነው የሚያስገኘው፤ ስፖቲፋይ ደግሞ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም። እንዲያም ሆኖ መግባቱ ተገቢ ነው። ዲስትሮኪድ፣ ቲዩንኮር ወይም ሲዲ ቤቢ በሚባሉት አከፋፋዮች በኩል ዘፈን ሲገባ እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ መለያ ኮድና የባለቤት ስም ይኖረዋል። አንድ የፊልም ሠሪ ወይም የውጭ ዲጄ ዘፈኑን ቢወድደው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

አገር ውስጥ ለዚህ የገቢ ችግር መልስ ለመስጠት የተሞከረው በሁለት ትልልቅ ጥረቶች ነው። ኤልያስ መልካ ከጓደኞቹ ጋር በ2011 ዓ.ም አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ወደ ሕዝብ አደረሰ፤ አድማጭ በስልኩ ሒሳብ በትንሽ ብር ዘፈን እንዲገዛ። ኤልያስ ብዙ ሳይቆይ በመስከረም 2012 ዓ.ም አረፈ። አቀናባሪ ሆኖ በብዙ ድምፃውያን ሥራ ከጀርባ የኖረ ሰው የመጨረሻ ጉልበቱን በአድማጭና በሙያተኛ መካከል ድልድይ ለመሥራት ማዋሉ ስለ ችግሩ ጥልቀት ብዙ ይናገራል። በ2014 ዓ.ም ደግሞ ሰዋስው የተባለው የሙዚቃ መድረክ ለድምፃውያን ቅድሚያ ክፍያ እየሰጠ ገባ። ሁለቱም የጣሩት አድማጭ ለዘፈን መክፈልን እንዲለምድ ነው። ይህ ልማድ በአንድ ጀምበር አይመጣም። የጥሪ ማሳመሪያ ገቢ ግን ከብዙዎቻችን ግምት በላይ ነው፤ ሰው ዘፈን ለመስማት ባይከፍልም ደዋዩ እንዲሰማለት ይከፍላል። ገንዘቡ ለቴሌኮሙ፣ ለይዘት አቅራቢው ድርጅትና ለባለመብቱ ይከፋፈላል። ዘፋኟ ከይዘት አቅራቢው ጋር ስትዋዋል ድርሻዋን በመቶኛ፣ የክፍያውን ጊዜ፣ ስንት ሰው እንደገዛው የሚያሳይ ዝርዝር የማግኘት መብቷን በጽሑፍ ማስፈር አለባት። ዝርዝር የማይሰጥ መቶኛ ባዶ ቁጥር ነው።

ማስተዋወቁን በአንድ መንገድ ላይ መጣል እንደማይገባ በየካቲት 2015 ዓ.ም ተምረናል። ያኔ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገሪቱ ለ5 ወር ያህል ተገድበው ነበር። ገንዘቧን ሁሉ በክሊፕ ላይ አውጥታ በዚያ ሳምንት የለቀቀች ዘፋኝ ምን እንደደረሰባት መገመት አያስቸግርም። እንደ ወጌታ ኤፍ ኤም 96.6 ያለ የአካባቢ ሬዲዮ፣ የመናኸሪያው ስፒከር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዝግጅት፣ የሚሞሪ ሱቅ፣ እነዚህ በኢንተርኔት መቆራረጥ አይዘጉም። ሬዲዮ ዛሬ ለዘፋኟ ብር ባይከፍላትም ስሟን ይናገርላታል። ሕጉ ለሬዲዮና ለሆቴል አጠቃቀም ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል እንዲሰበሰብ በማሻሻያው፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007፣ መንገድ ከፍቷል። ይህ አሠራር ክልል ከተማ ድረስ ሲወርድ የሚከፈለው ግን መጀመሪያ ለተመዘገበ ባለቤት ነው።

ጊዜውንም ማወቅ ነው። ለወላይታ ዘፋኝ ዓመቱ የሚጀምረው በጊፋታ ነው፤ በመስከረም፣ በመስቀል ሰሞን በሚውለው እሁድ። ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደየእርሻው የሄደው ልጅ ሁሉ በዚያ ሳምንት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሥጋው ይታረዳል፤ ሙቹዋው ይቀርባል፤ ሀያያ ሌኬው ይጨፈራል። ያን ጊዜ የተለቀቀ ዘፈን በተመለሰው ሰው ስልክ ውስጥ ሆኖ አገሪቱን ይዞራል። ግን መስከረም ላይ የሚለቀቅ ዘፈን ሰኔ ላይ መቀረጽ አለበት። ብዙዎች ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደ ስቱዲዮ ይሮጣሉ፤ አቀናባሪዎቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ ዋጋው ንሯል፤ ሚክሱ በችኮላ ይወጣል።

ከአድማጮች ብዛት ይልቅ የአድማጮች ጥንካሬ እንደሚበልጥ ካሳዩት አንዱ ሎስ አንጀለስ ያደገው የኤርትራዊ አባት ልጅ ኤርሚያስ አስገዶም፣ በመድረክ ስሙ ኒፕሲ ሀስል ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. «ክሬንሾው» የተባለውን ሥራውን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀቀ፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ 1,000 ሲዲ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። የገዙት ሲዲ አጥተው አልነበረም፤ የእሱ ሰዎች መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ዓላማው ቀረጻዎቹን ለማንም ሳይሸጥ መኖር ነበር። ወላይታ ውስጥ 100 ዶላር የሚከፍል የለም፤ ነገር ግን ለሠርጉ ከሌላ ዘፋኝ ይልቅ እሷን የሚጠራ፣ ጊፋታ ላይ ስሟን የሚጠይቅ፣ ዘፈኗን የጥሪ ማሳመሪያው የሚያደርግ ጥቂት መቶ ቤተሰብ ካለ ዘፋኟ ሌላ ሥራ ሳትፈልግ ትኖራለች። እነዚህን ሰዎች በስም ማወቅ፣ ስልካቸውን መዝግቦ መያዝ፣ አዲስ ዘፈን ሲወጣ በቀጥታ በቴሌግራም መላክ፣ ልጅ ሲዳሩ ሳይጠሯትም ደውላ እንኳን ደስ አላችሁ ማለት፣ ይህ ሁሉ የሙዚቃ ሥራ ነው።

እንግዲህ ያቺ ወጣት ሰኔ ላይ ሶዶ ስቱዲዮ ገብታለች እንበል። ኪቦርዱ በርቷል፤ አቀናባሪው ምቱን እየፈለገ ነው። ማይክሮፎኑ ፊት ከመቆሟ በፊት አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። የዘፈኑ ርዕስ። ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን። ከቀረጻው ገቢ ለዘፋኟ ስንት በመቶ፣ ለአቀናባሪው ስንት በመቶ። አቀናባሪው ሙሉ ክፍያውን ከወሰደ «ክፍያዬን ጨርሻለሁ፣ የማስተሩ ባለቤት እሷ ናት» የሚል አንድ መስመር፤ ግማሹን ከተወ ደግሞ የተወው ድርሻ በቁጥር። ማስተሩ መቼና በምን ዓይነት ፋይል እንደሚረከብ። ዩቲዩብና ጥሪ ማሳመሪያ ላይ በማን ስም እንደሚመዘገብ። ቀን፣ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። ሁለት ኮፒ፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእሷ።